ከአርባው በኋላ፦ ያጣናቸውን እንዴት እንዘክራለን?

2013 ዓ.ም. በጠባ በ19ኛው ቀን ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በኮሮና ሕመም ዐረፉ። በታኅሣሥ የቴአትር ሰው ተስፋዬ ገሠሠ ተከተላቸው። በሚያዝያ፣ በፋሲካ ሰሞን፣ አምሃ ሬከርድስን የመሠረተው አምሃ እሸቴ ሞተ። ሰኔ 3 ቀን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በኒውዮርክ፣ ሰኔ 27 ቀን ወይዘሮ አበበች ጎበና በአዲስ አበባ ዐረፉ። ዓመቱ ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት፣ ነሐሴ 27 ቀን፣ ዓለማየሁ እሸቴ ተሰናበተን። ያ ዓመት ወረርሽኝና ጦርነት የተደራረቡበት፣ እልፍ ሰው ስሙ እንኳ ሳይጠራ ያለፈበት ዓመት ነበርና በወጉ ለቅሶ ለመቀመጥም ፋታ አልነበረም።

እነዚህን ስድስት ሰዎች የሚያገናኛቸው የሞቱበት ዓመት ብቻ ነው። ሙያቸውም፣ አቋማቸውም፣ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ሀገርም ይለያያል። ለዚህ ዳሰሳ የመረጥኳቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ታላላቆቻችንን እንዴት እንደምንሸኝ፣ ከሸኘን በኋላስ ምን እንደምናደርግ ጎን ለጎን ለማየት ያመቻሉ። ሁሉም ሲያርፉ አዝነናል፤ ብዙ ተብሏል፤ ብዙ ተለቅሷል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ዞር ብለን ስናይ ግን የአንዳንዶቹ ሥራና ሕይወት በእጃችን አለ፣ የሌሎቹ ስማቸው ብቻ ቀርቷል። ይህን ያመጣው የሐዘናችን ማነስ ወይም መብዛት ነው ብዬ አላምንም። ሰውየው በሕይወት ሳለ ማን ጠጋ ብሎ ጠየቀው፣ ማን ምን ጽፎ አስቀመጠ የሚለው ነው ነገሩን የሚወስነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሚያውለው ሰው ሲኖር ነው።

ለመዘከር እንግዳ የሆንን ሕዝብ አይደለንም። በቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ የሚነበበው ስንክሳር በቀናት ቅደም ተከተል የተሰደረ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ነው። ቅዱሱ በአብዛኛው የሚታሰበው ባረፈበት ቀን ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሠራ፣ እንዴት እንዳረፈ በአጭሩ ይነገርና አርኬ በሚባለው ግጥም ይዘጋል። መጽሐፉ መጀመሪያ ከዐረብኛ ቢተረጎምም በየዘመኑ የሀገሩ ቅዱሳን እየተጨመሩበት አድጓል። ኃይሉ ያለው በድግግሞሹ ነው፤ ዓመት ዞሮ በመጣ ቁጥር ያው ሰው በያው ቀን ይነሣል፤ ልጅ ሆኖ የሰማው ሸምግሎም ይሰማዋል። ገድሉ ደግሞ በሰፊው ይተርከዋል። በሙስሊሙ ዘንድም የታላላቅ ሼሆች ስም በመንዙማና በየዓመቱ በሚደረግ ዚያራ ሲነሣ ኖሯል።

ሙሾውም ቢሆን ብዙዎች እንደሚያስቡት የእንባ ማፍሰሻ ብቻ አልነበረም። ጥሩ ሙሾ አውራጅ የሟቹን የዘር ሐረግ፣ የዘመተበትን ጦር ሜዳ፣ ያበላውንና ያጠጣውን፣ የተወውን ልጅ ሁሉ ታውቃለች፤ ካላወቀች ለቀስተኛው ሳይሰበሰብ ከዘመድ ጠይቃ ትረዳለች። ግጥሙ ሲወርድ እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሰምቶ ይመሰክራል፤ ሐሰት ከተነገረም ያጉረመርማል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሙሾን ጉልበት ዐውቀው በ1910 ዓ.ም. የልቅሶ ዜማ ግጥም ያሳተሙ ሰው ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1915 ዓ.ም.፣ ከዚህ የበለጠ ነገር ሠሩ፤ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ ይሆን ዘንድ ብለው የዘመናቸውንና ከእሳቸው በፊት የነበሩ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ሰበሰቡ። አቀራረቡ ቁጥብ ነው፤ እንባ የለበትም። የዚያን ዘመን ሰዎች የሚያጠና ተመራማሪ እስከ ዛሬ ያን መጽሐፍ ሳይገልጥ አያልፍም። እኚህ ሰው ራሳቸው በ1931 ዓ.ም. መባቻ በስደት እንግሊዝ ሀገር ሞተው አፅማቸው በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሷል።

አሁን የዚህን ሁሉ ቦታ የያዘው አንድ ወረቀት ነው፤ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ። እንዴት እንደሚጻፍ ለቅሶ ቤት ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። ድንኳኑ ገና እየተተከለ፣ ወንበር ከእድር እየተጓጓዘ፣ ‘እሱ እጁ ይጽፋል’ የተባለው ዘመድ ወይም ጎረቤት አንድ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። እኔም እዚያ ጥግ ተቀምጬ አውቃለሁ። መቼ ተወለዱ ሲባል ታላቅ እህት ጣልያን ሳይገባ ነው ትላለች፤ የመሥሪያ ቤቱ ማኅደር ጣልያን ከወጣ በኋላ ይላል፤ ማኅደሩ የተሞላው ለጡረታ እንዲመች ተደርጎ እንደሆነ አንዱ ልጅ በጆሮ ይናገራል። የተማሩበት ትምህርት ቤት ስሙ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። የመጀመሪያው ትዳር ይነሣ አይነሣ የሚል ሹክሹክታ ከጓዳ ይሰማል። የታሰሩበት ዘመን ‘በልዩ ልዩ ምክንያት’ በሚል ሐረግ ይታለፋል። ሌሊቱ እንዲህ ያልቅና ጠዋት ኮምፒውተር ቤት ተተይቦ፣ ሁለት ገጽ ሆኖ፣ ከፍትሐቱ በኋላ በማይክሮፎን ይነበባል። ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፤ ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት ነበሩ፤ ለቤተሰቦቻቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን እንመኛለን።

ያን ወረቀት የጻፈውን ሰው አልወቅስም። በሐዘን መካከል፣ በአንድ ሌሊት፣ ያለ ሰነድ የሰማንያ ዓመት ሕይወት ጻፍ ተብሎ ከዚያ በላይ የሚችል የለም። ችግሩ ለብዙ ታላላቅ ሰዎቻችን ይህ ወረቀት ብቸኛው የጽሑፍ የሕይወት ታሪክ ሆኖ መቅረቱ ነው። ጋዜጠኛው ከወረቀቱ ይወስዳል፤ ድረ ገጹ ከጋዜጣው ይገለብጣል፤ ዓመት ቆይቶ ሙት ዓመቱ ሲዘከር ሬዲዮው ከድረ ገጹ ያነብባል። በዚያች ሌሊት የተሳሳተ ዓመት እንደ ተሳሳተ ይጸናል፤ በዚያች ሌሊት ያልተጠየቀ ጥያቄ ከእንግዲህ የሚመልሰው የለም።

የሯጩ የምሩጽ ይፍጠር ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። ማርሽ ቀያሪው በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. በካናዳ ቶሮንቶ ዐርፎ አስከሬኑ አዲስ አበባ መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያመጣ ዓለም ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ዕድሜው ነበር፤ ሲሞትም ዕድሜው በየጋዜጣው የተለያየ ሆኖ ወጣ። ዕድሜው ይቅር፤ ልደት የሚመዘገብበት ልማድ ባልነበረበት ገጠር የተወለደ ሰው ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከሞስኮ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ፣ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ የ5,000 ሜትሩ ውድድር እንዴት እንዳመለጠው፣ ሀገሩ ሲመለስም ምን እንደደረሰበት የሚነገሩት ታሪኮች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ሰውየው ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሯል። አሠልጣኞች፣ የቡድን መሪዎች፣ የሩጫ ጓደኞቹ ነበሩ። ቁጭ ብለው ቃላቸውን ቢሰጡ ኖሮ አንድ ትልቅ የስፖርት ታሪካችን ገጽ ሙሉ ይሆን ነበር።

ሌላው የሚያስቸግረን ጨዋነታችን ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ የሚል ሕዝብ ነን፤ ይህም ለለቅሶ ቤት ተገቢ ነው፤ ልጆቹ ፊት አባትን መክሰስ ነውር ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላም ግን አንደበታችን እንደ ታሰረ ይቀራል፤ ወይም ደግሞ ወገን ለይተን፣ ግማሻችን በማወደስ ግማሻችን በመርገም እንበታተናለን። ፕሮፌሰር መስፍንን እንመልከት። ረሃብን በጂኦግራፈር ዓይን ያጠኑ፣ ገበሬው ለምን ለረሃብ እንደተጋለጠ በጥናት ያሳዩ ምሁር ናቸው። በ1984 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን የመሠረቱ ናቸው። ከምርጫ 97 በኋላ በሰባዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ ታስረዋል። ‘መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ’ የሚለው መጽሐፋቸው ደግሞ የታሪክ ባለሙያዎችን አስቆጥቶ ረዥም ክርክር አስነሥቷል። የንጉሠ ነገሥቱን ባለሥልጣናት እንዲመረምር በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው ኮሚሽን የነበራቸው ድርሻም እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ሲያርፉ የተነበበውና የተጻፈው አብዛኛው ውዳሴ ነበር፤ በሌላው ወገን የተጻፈው ደግሞ ስድብ። ሁለቱም ለሰውየው አይመጥኑም። መስፍን ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ፊት ለፊት ሲሞግቱ፣ ሌላውም እንዲሞግታቸው ሲጋብዙ የኖሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው የሚከበረው ጽሑፉ ሲነበብ፣ የተሳሳተበት በስሕተትነቱ፣ ያገኘው እውነት በእውነትነቱ ሲመዘን ነው። ይህን የሚያደርግ አንድ ሙሉ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ይገባቸዋል፤ ወዳጃቸውም ባላጋራቸውም የሚጠቅሰው።

የተስፋዬ ገሠሠ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ተዋናይ፣ አዘጋጅ፣ ጸሐፌ ተውኔት ነበር፤ ሀገር ፍቅርንም ብሔራዊ ቴአትርንም በየተራ መርቷል። የመድረክ ሰው ዕዳው ሥራው መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ መዘጋቱ ነው። የተውኔቱ ቃል ሊታተም ይችላል፤ ተስፋዬ አንድን ቃል እንዴት እንደጎተተው፣ የት ላይ ዝም እንዳለ የሚያውቀው አዳራሹ ውስጥ የነበረው ተመልካች ነው። ያ ተመልካች ደግሞ አርጅቷል።

አሁን ወደ ሙዚቃው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ እፈልጋለሁ። ዓለማየሁ እሸቴና አምሃ እሸቴ የአባታቸው ስም ቢመሳሰልም ወንድማማቾች አይደሉም። ያገናኛቸው አንድ ሸክላ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1961 ዓ.ም. የሙዚቃ መደብር የነበረው ወጣቱ አምሃ ያን ድንጋጌ እያወቀ፣ ሊያስከስሰው እንደሚችል እያወቀ፣ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያውን ሸክላ የዘፈነለት ከፖሊስ ኦርኬስትራ የመጣው ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሸክላው ውጭ ሀገር ታትሞ መጣ፤ ተሸጠ፤ ከሳሽም አልተገኘም። አምሃ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላዎች አሳተመ። ዛሬ ዓለም ‘የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን’ ብሎ ከሚያዳምጠው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው የእሱ ካታሎግ ነው። አብዮቱ የምሽት ክበቡን ሲዘጋው፣ ሰዓት እላፊው ሙዚቀኛውን ቤት ሲያስቀምጠው አምሃ ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያን ሙዚቃ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ኢትዮጲክስ በሚል ተከታታይ አልበም መልሶ ባያሳትመው ኖሮ ዓለማየሁ በስተርጅናው በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች የልጅ ልጆቹ የሚሆኑ ወጣቶችን ማስጨፈሩ ይቀር ነበር። ፋልሴቶ ይህን ማድረግ የቻለው አምሃ ቅጂውን ስለጠበቀ ነው፤ የማን ድምፅ፣ የማን ባንድ፣ በየትኛው ዓመት የሚለውን የሚያስታውስ ሰው በሕይወት ስለነበረ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአራት ወር ልዩነት፣ ሁለቱንም አጣናቸው። ዓለማየሁን ሀገር ሙሉ አለቀሰለት፤ ይገባዋል። ዜማዎቹን የሚያንጎራጉሩት አብዛኞቹ ግን የአምሃን ስም አያውቁትም። ከድምፃዊው ጀርባ የሚቆመው ሰው፣ አሳታሚው፣ አቀናባሪው፣ ግጥም ደራሲው፣ ከበሮ መቺው፣ ሲሞት ዜና ዕረፍቱ ሁለት መስመር ይሆናል። የሙዚቃ ታሪክ ግን በእነዚህ ሰዎች ልብ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የወይዘሮ አበበች ጎበና መታሰቢያ ከስድስቱ ሁሉ ይልቅ በቀላሉ የሚታየው ነው፤ አሁንም ልጅ ያሳድጋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ወርደው በረሃብ የወደቀውን ሕዝብ አዩ፤ ከሞተች እናቱ ጡት ላይ ያልተላቀቀ ሕፃን አዩ። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸውና ዘመድ አዝማድ አብዳለች አሉ፤ እሳቸው ከትዳራቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር ጎጆ ቤት ገቡ፤ ምግብ እየሸጡ አበሏቸው። ያ ጎጆ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ትልቅ ድርጅት ነው። ‘እዳዬ’ እያሉ የሚጠሯቸው፣ በእጃቸው ያደጉ ልጆች ዛሬ የራሳቸው ልጆች አሏቸው። በሚዲያ የሚነገረው ታሪካቸው ግን ሁልጊዜ ግሸን ላይ ተጀምሮ ግሸን ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያሉት አርባ ዓመታት፣ በደርግ ዘመን ፈቃድ እንዴት እንዳገኙ፣ በ77 ድርቅ ጊዜ ምን እንዳደረጉ፣ የበጎ አድራጎት ሕጉ ሲጠብቅ እንዴት እንደተሻገሩ፣ ለሌላው በጎ አድራጊ ትምህርት የሚሆነው እሱ ነበር።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የማነሣው በተለየ አክብሮት ነው። በሕይወታቸው የሠሩት ሥራ ራሱ የሙታንን ስም ማዳን ነበርና። በ1968 ዓ.ም. መስከረም ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት መቷቸው፤ ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ለሕክምና ከሀገር ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ አብዛኛውን በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት አሳለፉ። ከኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በማይክሮፊልም የተነሡ 9,000 ያህል መጻሕፍት እዚያ ነበሩ። እሳቸው ከእነዚያ ብዙዎቹን አንድ በአንድ እያነበቡ ዘርዝረው ጻፉ። በ1980 ዓ.ም. የማክአርተር ሽልማት የተሰጣቸው በዚህ ሥራቸው ነው።

ብራና የሚያውቅ ሰው ዝርዝር ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በመጽሐፉ መጨረሻ ጸሐፊው ስሙን ጽፎ በጸሎታችሁ አስቡኝ ይላል፤ ያጻፈውን፣ አንዳንዴም በማን ዘመነ መንግሥት እንደተጻፈ ይጨምራል። ኅዳጉ ላይ የመሬት ስጦታ፣ የቤተሰብ ስም፣ የውርስ ክርክር ተጽፎ ይገኛል። ሌላ ቦታ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች እዚያ አሉ። ጌታቸው እነዚህን ሁሉ እያነሡ በካታሎጉ አሰፈሩ። የደቂቀ እስጢፋኖስንም ታሪክ ከግእዝ ወደ አማርኛ መልሰው አሳተሙ፤ በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተሳደዱት እነዚያ መነኮሳት በመናፍቅነት ተወግዘው ድምፃቸው በጉንዳ ጉንዴ ገዳም መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ተሸሽጎ የቆየ ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻም የራሳቸውን ሕይወት ‘አንዳፍታ ላውጋችሁ’ በሚል መጽሐፍ በራሳቸው ብዕር ጻፉ። ከሸንኮራ ልጅነታቸው ጀምሮ ያለውን፣ የተራቡበትን ቀን ሳይቀር፣ ከእሳቸው አንደበት እናውቀዋለን። ሲያርፉ በአንድ ሌሊት መጻፍ ያለበት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ዓመት ወጣ ብዬ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ልጨምር። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። የከንቲባ ገብሩ ልጅ፣ በስዊዘርላንድ ያደጉ፣ በካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩ፣ ከዚያ መንኩሰው በባዶ እግር የሄዱ እናት ናቸው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም በአንዲት ክፍል ከፒያኗቸው ጋር ኖሩ። የኢትዮጲክስ 21ኛው አልበም ለዓለም ካስተዋወቃቸው በኋላ ማያ ዱኒዬትስ የተባለች እስራኤላዊት ፒያኒስት ወደ ክፍላቸው መመላለስ ጀመረች። እማሆይ በከረጢት ያጠራቀሟቸውን በእጃቸው የተጻፉ የኖታ ወረቀቶች አወጡላት። እሷም ከእሳቸው ጋር ተቀምጣ እየጠየቀች፣ እያስተካከለች፣ ከማረፋቸው አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በመጽሐፍ አሳተመችው። ማንበብ ያስቸገረ ኖታ ሲገኝ የምትጠይቀው ደራሲዋን ራሷን ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ፒያኖ የሚማር ልጅ ያንን ሙዚቃ ከፊቱ ዘርግቶ ሊጫወተው ይችላል። እኔ መዘከር የምለው ይህን ነው፤ ሥራው የተሠራው ባለቤቷ ‘እዚህ ጋ እንዲህ ነው’ ብላ ማረም በምትችልበት ጊዜ ነው።

በኢየሩሳሌም፣ በቶሮንቶ፣ በኒውዮርክ የሞቱብን ሰዎች ብዛት ሌላም ጥያቄ ያስነሣል። አስከሬኑን ለማምጣት ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ዋሽንግተን ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ሁለተኛው ሽኝት ይሆናል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በየካቲት 1998 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዐርፈው እንዲሁ ነው የተቀበልናቸው። ሣጥኑን እንቀበላለን፤ የሟቹን ወረቀት፣ ደብዳቤ፣ የድምፅ ቅጂ፣ መጻሕፍት ግን ተከትሎ የሚያመጣው የለም። የሟች ቤት በውድ ኪራይ ከተማ ውስጥ በወር ውስጥ ይለቀቃል፤ ልጆቹ አማርኛ ካላነበቡ ካርቶኑ ምን እንደያዘ አያውቁም። ለአስከሬን ማጓጓዣ ከሚሰበሰበው ጥቂቱን ለእነዚያ ካርቶኖች ማድረግ የሚከብድ አይመስለኝም።

ቋንቋም ይከፋፍለናል። ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ ዐርፎ በተወለደባት ድሬዳዋ ተቀበረ። በልጅነቱ ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጋር የጀመረ፣ በክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ያለፈ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ የዘፈነ ሰው ነው። ሲሞት በኦሮምኛ የተጻፈለት ዝክር ትግሉን ያነሣል፤ በአማርኛ የተጻፈለት በአብዛኛው ጥቂት ዘፈኖቹን ይዘረዝራል። ሙሉውን ዓሊ ለማግኘት ሁለቱንም፣ የሐረር ሽማግሌዎችንም ጨምሮ፣ ማንበብና ማድመጥ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ያደገ ልጅ አምስት ቋንቋ ሳይጨነቅ ይዘፍን ነበር፤ እኛ እሱን ለማስታወስ አንዳችን የሌላችንን አናነብም።

ሳይንቲስቶቻችንን በተመለከተ ባጭሩ ልለፍ፤ እዚህ የሚነገር ብዙ የለምና ያው ራሱ ያሳዝናል። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ አፍሪካን ወክለው በካርታኼና የባዮሴፍቲ ፕሮቶኮል ድርድር ኃያላኑን ፊት ለፊት የገጠሙ ሰው እንደነበሩ ስንቱ ወጣት ዐወቀ? ከባለቤታቸው ከዕፅዋት ተመራማሪዋ ሱ ኤድዋርድስ ጋር ለኢትዮጵያና ለኤርትራ ዕፅዋት ጥናት የደከሙት ድካም በእንግሊዝኛ በታተሙ ወፋፍራም ጥራዞች ውስጥ አለ። በአማርኛም ሆነ በትግርኛ ለተማሪ የሚሆን አንዲት ቀጭን የሕይወት ታሪካቸው ብትኖር ስንት ልጅ ቅጠል ለቅሞ ደብተሩ ውስጥ ባደረቀ።

በማኅበራዊ ሚዲያ የምናደርገው ነገር ጥሩም መጥፎም አለው። ሰው ሳይሞት ሞተ የሚሉ አሉ፤ በሕይወት ያለ አንጋፋ የራሱን ዜና ዕረፍት አንብቦ ‘አለሁ’ ለማለት በቪዲዮ የሚወጣበት ጊዜ ሆኗል፤ ይህ ግፍ ነው። በሕመም ላይ ያለ ባለሙያ ለሕክምና ገንዘብ ሲለመንለት ሳምንት የማይቆይ ፎቶ፣ ሲሞት በአንድ ሰዓት ገጹን ሁሉ ይሞላዋል። መልካሙ ግን እዚያው ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪ ‘መምህሬ እንዲህ ብሎኝ ነበር’ ብሎ ይጽፋል፤ አንድ የድሮ የባንድ ጓደኛ ማንም ያላየውን ፎቶ ያወጣል፤ ከሥር በአስተያየት ‘በግራ የቆመው እገሌ ነው፣ ዓመቱም 1963 ነው’ የሚል ይመጣል። ለኦፊሴላዊው የሕይወት ታሪክ ያልደረሰ መረጃ በሦስት ቀን ውስጥ ይፈስሳል፤ በአራተኛው ቀን በሌላ ዜና ይሸፈናል። ያን ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ የሚገለብጥ፣ ጸሐፊዎቹን ደውሎ የሚያጣራ አንድ ሰው ቢኖር ብዙ ይተርፍ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የኢትዮጵያውያን የሕይወት ታሪክ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ቅጽ አሳተመ። ቅጹ ከጥንት ተነሥቶ እስከ ዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ፍጻሜ ይደርሳል። ሁለተኛው ቅጽ አልተከተለውም። ሃምቡርግ ላይ የተዘጋጀው ባለ አምስት ቅጽ ኢንሳይክሎፔዲያ ኤትዮጲካ ከጊዜ በኋላ ብዙውን ክፍተት ሞልቶታል፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ዋጋውም ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚደፈር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያለ ኮምፒውተርና ያለ በጀት ብቻቸውን የጀመሩትን ዛሬ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቀጥለው ይችላል። እያንዳንዱ የታሪክ፣ የሥነ ጽሑፍ ወይም የጋዜጠኝነት ተመራቂ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ተመድቦለት፣ ድምፅ ቀርጾ፣ ሰነድ ፎቶ አንሥቶ፣ ሃያ ገጽ ጽፎ ቢመረቅ በአምስት ዓመት ውስጥ የብዙ ሰው ሕይወት ይከማቻል። የቀረጸው ሰው ስሙ ከሥራው ጋር ይቀመጥ፤ ድምፁም ለሕዝብ ክፍት ይሁን። ከፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ዓለማየሁን ያጀቡ፣ ተስፋዬን መድረክ ላይ ያበሩለት የመብራት ባለሙያዎች፣ ከአበበች ጋር መጀመሪያ ወጥ የሠሩ ሴቶች በሕይወት ካሉ ሰማንያን ተሻግረዋልና ከእነሱ መጀመር ይገባል።